ከገንዳው አልበም የጎደለው ዘፈን

ሰው ዕድሜው ሲገፋ አንዱን ሪህ ይይዘዋል፣ ሌላውን ስኳር። ጆሮ የሚባለውን ዕቃ ጠጋኝ የያዘው ግን ቂም ነው። ሐኪም ቤት ቢሄድ ኖሮ ሐኪሙ ማዳመጫውን ደረቱ ላይ አኑሮ፣ «አባት፣ እዚህ ውስጥ የሚመታው ልብ አይደለም» ብሎ ወደ ሌላ ሐኪም ይልከው ነበር። ግን አልሄደም። ምን ሊያደርግ? ቂሙ ተስማምቶታል። እኩዮቹ ስድሳን ተሻግረው ከዘራ ሲመርጡ እሱ ቂሙን ተደግፎ ቀጥ ብሎ ይራመዳል፤ ጥርሱ አልረገፈም፣ ዓይኑም መነጽር አልፈለገም። እንዲያውም የሰፈሩ ሰው፣ ጆሮ አማቹን ይቅር ያለ ዕለት በሦስተኛው ቀን ይሞታል ብሎ ያምናል።

ጆሮ የወጣለት ስም ነው። ገና ልጅ ሳለ ከሦስት ቤት ማዶ የሚዘፍነውን ራዲዮ ሰምቶ «የዚህ ባትሪ እስከ ሐሙስ ነው» ይል ነበር። ሐሙስ ደርሶ ራዲዮው ጸጥ ሲል ጎረቤት ሁሉ እንደ ጠንቋይ ፈራው። በዚያው ዕቃ ጠጋኝ ሆኖ ቀረ። ሱቁ ሁለት ሰው ቆሞ የማይጣላባት ጠባብ ክፍል ናት፤ መጣላት የፈለገ ተራ ይዞ መግባት አለበት። በግራ ሆዳቸው የተከፈተ ራዲዮኖች፣ በቀኝ ክንፋቸው የተነቀለ ቬንትሌተሮች፣ ከባንኮኒው ሥር ባለቤቶቻቸው ረስተዋቸው እዚያው ያረጁ የሻይ ማፍያዎች ይገኛሉ። ከወንበሩ በላይ ግን ንጹሕ ጨርቅ የለበሰ መደርደሪያ አለ። እዚያ ላይ ሃያ ሰባት ሸክላ ተደርድሯል። ማንም አይነካቸውም። አቧራ እንኳ የሚያርፍባቸው አስፈቅዶ ነው።

ሸክሎቹ የጆሮ ወጣትነት ናቸው፤ ሁሉም የሮክና የፖፕ አልበሞች። ያኔ የተዘፈኑበትን ቋንቋ አጣርቶ የሚያውቅ በሰፈሩ ስላልነበረ፣ ሁሉም የመሰለውን ቃል እየሞላ በሙሉ ልብ ያንጎራጉር ነበር። የአልበሞቹንም ርዕስ ማንም አይጠራም፤ ስም የሚወጣላቸው በሽፋናቸው ሥዕል ነው። ዝሆን ጃንጥላ ይዞ የቆመበት «የዝሆኑ» ተባለ። ስትስቅ ሠላሳ ሁለቱም ጥርሷ የሚቆጠረው ዘፋኝ «ባለ ጥርሷ» ተባለች። በመካከላቸው አንድ ሰው ድንገት የአልበሙን ትክክለኛ ርዕስ ቢጠራ ሰላይ ነው ተብሎ ይጠረጠር ነበር።

የሁሉም ንጉሥ «የገንዳው» ነው። በሽፋኑ ላይ በበረዶ ሜዳ መካከል አንድ የመታጠቢያ ገንዳ ተጥሏል፤ ገንዳው ውስጥ ካፖርት የለበሱ አራት ጸጉራም ወንዶች ቆመዋል። እዚያ ምን እንደሚሠሩ ሰፈሩ ሁለት ዓመት ሙሉ ተከራክሮበታል። አንደኛው ወገን ውኃ ጠፍቶባቸው ነው አለ፤ ሁለተኛው ወገን ሚስቶቻቸው ከነገንዳው አስወጥተዋቸው ነው አለ። ጆሮ ይህን ሸክላ ያገኘው ከአንድ የመርከብ ምግብ አብሳይ ነው፤ በምትኩ ብስክሌቱን ሰጥቷል። ብስክሌት የሌለው ሰው በእግሩ ይሄዳል፤ እሱ ግን ያን ሰሞን በአየር ላይ ነበር የሚሄደው።

የአልበሙን የመጀመሪያ ገጽ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያሰማል። ሁለተኛውን ገጽ ግን ለማንም አያሰማም፤ በሩን ዘግቶ ብቻውን ነው የሚበላው። በተለይ ሦስተኛውን ዘፈን። እሱ ዘፈን በአንድ ጊታር ብቻ ይጀምራል፤ ሰው ደረጃ ቀስ ብሎ እንደሚወርድ ዓይነት። ድምፃዊው ዘግይቶ ይገባል፣ እንደ ተኮራረፈ ሰው። ከመካከል ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል፤ ድራሙም፣ ጊታሩም፤ የዘፋኙ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። ከዚያ መሣሪያው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲመለስ ጣራው የተነሣ ይመስላል። ጆሮ መጀመሪያ የሰማው ዕለት ወለሉ ላይ ተቀምጦ ምሳውን ረሳ። ለእሱ ምሳ መርሳት ማለት ለሌላው ሰው የገዛ ስሙን እንደ መርሳት ነው።

በዚያን ጊዜ የልብ ጓደኛው የነበረ ሰው አለ፤ ዛሬ የታናሽ እህቱ ባል፣ ማለትም አማቹ ነው። ይህ ጓደኛ አንድ ቅዳሜ መጥቶ፣ ከሰዓት በኋላ ለሚደረግ ጭፈራ የገንዳውን አልበም እንዲያውሰው ለመነ። ጆሮ እንቢ አለ። ጓደኛው እንደገና ለመነ። በእናቱ ማለ፣ በአባቱ ማለ፣ ዘመዶቹ ቢያልቁበት በጆሮ እናት ማለ። ጆሮ ሰጠው። ሰኞ ዕለት ሸክላው ከነሽፋኑ ተመለሰ። ከሽፋኑ ሲወጣ ግን ሸክላ መሆኑ ቀርቶ የሾርባ ሳህን ሆኗል፤ ፀሐይ አጉብጣው ዙሪያው ወደ ላይ ተነሥቷል። ጆሮ ምን አድርገኸው ነው ብሎ ጠየቀ። ጓደኛው ዓይኑን ጣራው ላይ ተክሎ ሦስት ቃል ተናገረ፤

«ስትሰጠኝም እንዲሁ ነበር።»

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ሸክላ ይበላሻል፤ ሰው ነው፣ ይሳሳታል፤ ይቅርታ ቢል ጆሮ ሦስት ወር ተኮራርፎ ይታረቅ ነበር። ያ ሦስት ቃል ግን ሠላሳ አምስት ዓመት ጆሮው ውስጥ ሲዞር ኖረ። የጆሮ እናት ለነገሩ ብዙም አላዘነችም፤ ሸክላውን አገላብጣ አየችና «ደግሞ ቀዳዳውም አብሮት መጥቷል» ብላ አበባ ተከለችበት። ጆሮ በዚያ ቤት እስኪወጣ ድረስ በየማለዳው በንጉሡ ላይ ውኃ ሲፈስ ያይ ነበር። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከዓለም የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ያ ሰው በገዛ አፉ፣ ሰው እየሰማው፣ «ያበላሸሁት እኔ ነኝ» እንዲል።

በዓመቱ መርከበኛው አብሳይ ሌላ የገንዳውን አልበም ይዞ መጣ። ጆሮ በዚህ ጊዜ ካፖርቱን ሰጠ። በሽፋኑ ላይ ያሉት አራቱ ካፖርት ለብሰው፣ እሱ ያለ ካፖርት ከረመ። ሸክላ ማግኘቱን ደብቆ ነበር፤ ግን ወሬ እግር አለው፣ ጓደኛው ጋ ደረሰ። ያ ሰው ምንም እንዳልተፈጠረ ባዶ ካሴት ይዞ እየሳቀ መጣና ቅዳልኝ አለ። እንዲህ ያለ ፊት በፋብሪካም አይሠራም። ጆሮም ሳቀ። ነገ ና ውሰድ አለው።

መቅዳት ጀመረ። የመጀመሪያው ገጽ አለቀ፣ ሁለተኛው ቀጠለ። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ሲደርስ እጁ ከራሱ ትእዛዝ ሳይጠብቅ መርፌውን አነሣ። ከዚያ ማይክሮፎን ሰካና ካሴቱ እንዲሽከረከር ተወው፤ በክፍሉ ውስጥ የሚሰማው ሁሉ ገባ። በክፍሉ ውስጥ ደግሞ ታናሽ እህቱ ነበረች፤ በእግር በሚረገጠው የስፌት መኪና የመጋረጃ ጠርዝ ትሰፋለች። እየሰፋች የራሷን ዜማ ታንጎራጉራለች፤ ቃል የለውም፣ ከየት እንዳመጣችውም አታውቅም። አራት ደቂቃ ሲሞላ ጆሮ ማይክሮፎኑን ነቅሎ አራተኛውን ዘፈን አስቀጠለ። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ ጓደኛው በማግስቱ እየጮኸ ይመጣል፣ ምንድነው ይኼ ይላል፣ ጆሮም ጣራ ጣራውን እያየ ያንኑ ሦስት ቃል ይመልስለታል። ቃሉን መስታወት ፊት ቆሞ ተለማመደው።

ጓደኛው አልመጣም። በወሩ መንገድ ላይ ሲገናኙ ደረቱን ይዞ፣ ያ ሁለተኛው ገጽ ላይ ያለው ሦስተኛው ዘፈን ልቤን ወሰደው፣ እነዚህ ፈረንጆች ሊቆች ናቸው አለ። ልጅቷ ያለ ቃል ስታዜም፣ ከኋላዋ ያ ዝናብ የመሰለ መሣሪያ ሲመታ… እንዴት ያለ ፈጠራ ነው! ጆሮ ሊነግረው አፉን ከፈተ። ከዚያ መልሶ ገጠመው። አንድ ነገር በራለት፤ ይህ ሰው እውነተኛውን ዘፈን በሕይወቱ አይሰማውም። አለኝ ብሎ የሚያምነውን ነገር ማን ይፈልጋል? በዓለም ላይ ካሉት ዘፈኖች ሁሉ የሚበልጠውን አስቀርቶበታል፣ እሱም አያውቅም። ጆሮ ያን ዕለት ሁለት ምሳ በላ።

ከዚያ ወዲያ እህቱ ያንኑ ሰው ላግባ አለች። ጆሮ እቃወማለሁ አለ፤ እህቱ ደግሞ ማን ጠየቀህ አለች። ሠርጉ ላይ ሙዚቃ የሚያጫውተው እሱ ነበርና፣ የሙሽሮቹን መግቢያ ዘፈን በዝግታ ፍጥነት አደረገው። ሙሽሮቹ በሙዚቃው ልክ እንዲራመዱ ተነግሯቸው ስለነበር አዳራሹን ለማቋረጥ አርባ ደቂቃ ፈጀባቸው፤ አንድ አዛውንት እንግዳ ከመካከል እንቅልፍ ወስዷቸው ሲነቁ ሙሽራው ገና መሀል ነበር። በኋላም የአማቹን ራዲዮ ሲጠግን የአየር ጠባይ ትንበያ ብቻ እንዲይዝ አድርጎ ሠራው። አማቹ ለሁለት ዓመት ከማንም በላይ ስለ ዝናብ የሚያውቅ ሰው ሆኖ ኖረ። የበር ደወል ሲገጥምለትም ያለ ጎብኚ የሚጮኽ አደረገው፤ የሚጮኸው ደግሞ አማቹ ከምሳ በኋላ ጋደም ሲል ብቻ ነው። ግን እነዚህ ሁሉ የጎን መክሰስ ናቸው። ዋናው ምግብ ያ የጎደለው ዘፈን ነበር። በቤተሰብ ግብዣ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው አማቹ ስለ ሙዚቃ ሲተነትን፣ ጆሮ ዳቦውን እያላመጠ በልቡ «አልሰማኸውም» ይለዋል።

ዓመታት አለፉ። አማቹ ከመጋዘን ኃላፊነት ጡረታ ወጣ። ዕድሜ ልኩን ሸሚዙ በካውያ የተጠረበ፣ ንግግሩም እንዲሁ የተጠረበ ሰው ነው። የቀድሞ ባልደረባው ልጅ ራዲዮ ጣቢያ ውስጥ ትሠራ ነበርና፣ እሑድ ረፋድ ላይ ጡረተኞች የወጣትነታቸውን አምስት ምርጥ አልበሞች የሚያስታውሱበት ፕሮግራሟ ላይ ጋበዘችው። ጆሮ ይህን የሰማው ከእህቱ ነው፤ እህቱ ደግሞ ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም።

እሑድ ደረሰ። ጆሮ ሱቁን ከፍቶ የላላ ሽቦ እየበየደ ያዳምጣል። አማቹ ጉሮሮውን ጠራርጎ ጀመረ። አንደኛ የዝሆኑ አለ። ሁለተኛ ባለ ጥርሷ። ሦስተኛና አራተኛም እንዲሁ፤ አራቱም ከጆሮ መደርደሪያ የሰማቸው ናቸው፣ እሱ ግን የገዛኋቸው እኔ ነኝ ይላል። ይህን እንኳ ጆሮ ታገሠ። አምስተኛው የገንዳው ሆነ። አቅራቢዋ ሸክላው ዛሬ የት እንዳለ ጠየቀችው። አማቹ ወረቀቱን ሲያገላብጥ ተሰማ። ከዚያ፣ በሰፈራችን ለነበረ ለአንድ ዕቃ ጠጋኝ አውሼው ነበር፣ ስሙን አልጠራም፣ ፀሐይ ላይ ጥሎ አጎበጠብኝ፤ ካሴቱ ብቻ ነው የቀረኝ አለ።

ጆሮ መበየጃውን አውራ ጣቱ ላይ አሳረፈ። አላመመውም። ጎረቤቱ ጸጉር አስተካካይ በኋላ እንደተናገረው፣ ከጣቱ ጭስ ሲወጣ ጆሮ እንደ ሐውልት ቆሞ ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ ይኼኛው የወጋው ግን መርሳት አነሰውና ተወጋሁ ብሎ ከሰሰ! ሰዓቱ ስላለቀ፣ ስለ ገንዳው አልበም በሚቀጥለው እሑድ በቀጥታ ስልክ ከአድማጮች ጋር እንወያያለን ብላ አቅራቢዋ ዘጋች።

ያን ሳምንት ጆሮ አንድም ዕቃ አልጠገነም። ነገሩን እንደ ራዲዮ ፈታትቶ አየው። ያጎበጠው እሱ ነው ብሎ ቢናገር ምስክር የለውም፤ ያ ሰው ሠላሳ አምስት ዓመት የካደውን ለራዲዮ አያምንም። ስለዚህ መጀመሪያ ሌላ ጉድጓድ መቆፈር አለበት። አልበሙ የእኔ ነበር የሚል ሰው ሦስተኛውን ዘፈን እንዴት አያውቅም? እዚያ ላይ ውሸቱ በአደባባይ ከተያዘ የቀረው ራሱ ይፈርሳል፣ ኑዛዜውም ይወጣል። ለጸጉር አስተካካዩ ብቻ ነገረው። ለጸጉር አስተካካይ ብቻ መንገር ማለት ለከተማው ሁሉ መለጠፍ ማለት ስለሆነ፣ እሑድ ረፋድ ላይ ሱቁ በር ላይ መቆሚያ ጠፋ። ጸጉር አስተካካዩ ራሱ ግማሽ ጢሙ የተላጨ ደንበኛ አስከትሎ መጣ።

ጆሮ መስመር ላይ ገባ። አቅራቢዋ መጀመሪያ ራዲዮዎን ይቀንሱ አለችው። እሱ ግን ምንም ቃል እንዳያመልጠው አሥራ አምስት ራዲዮ በአንድ ጣቢያ ከፍቶ ነበር፤ በየቁልፉ ሲሯሯጥ ግማሽ ደቂቃ አለፈ። ድምፁን ለማሳመር ሳል ብሎ፣ ስሜ ይቅር፣ አንድ አድማጭ ነኝ አለ። ከዚያ በትሕትና፣ እንግዳው ከአልበሙ በጣም የሚወዱት ዘፈን የትኛው እንደሆነ ጠየቀ።

«ጥርጥር የለውም» አለ አማቹ፣ ድምፁ ሙክክ ብሎ። «የሁለተኛው ገጽ ሦስተኛው። መሣሪያ የለ፣ ቃል የለ፤ አንዲት ልጅ ብቻ ታዜማለች። ከኋላዋ ዝናብ የመሰለ ምት። ልጄ፣ እንዲህ ያለ ድምፅ በዚህ ዓለም ሁለተኛ አልሰማሁም።»

ጆሮ በትሕትና ቀጠለ። ዘፈኑን በኢንተርኔት ፈልገው ለአድማጭ ሁሉ ቢያሰሙት እንዴት ጥሩ ነበር አለ። አቅራቢዋ ደስ አላት። ጥቂት ጠቅ ጠቅ አደረገችና ተገኘ አለች። ያ ጊታር ደረጃውን መውረድ ጀመረ። ሱቁ በር ላይ ያለው ሰው ሁሉ ወደ ራዲዮኖቹ ተጠጋ። ድምፃዊው ገባ። ራዲዮው ላይ አማቹ «ኧረ ይኼ አይደለም» አለ። አቅራቢዋ፣ እዚህ የተጻፈው እሱ ነው፣ ሁለተኛው ገጽ፣ ሦስተኛው አለች። አማቹ ደግሞ «ይኼን በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም» አለ።

ሠላሳ አምስት ዓመት የተጠበቀች ቃል ናት። ጆሮ ዓይኑን ጨፍኖ አጣጣማት። ከዚያ ስልኩን ወደ አፉ አስጠጋ።

«አልሰማኸውማ። እኔ ነኝ ያስቀረሁብህ። ያ የምትወደው የፈረንጅ ሊቅ የእኔ እህት ናት፤ የአንተ ሚስት! መጋረጃ ስትሰፋ ነው። ዝናቡም የስፌት መኪና ነው።»

ጸጉር አስተካካዩ ሳቁን ለማፈን የደንበኛውን ፎጣ ነከሰ። አቅራቢዋ ትንሽ ተንተባተበች፤ እርስዎ ማን ነዎት፣ ለምን እንዲህ አደረጉ ብላ ጠየቀች። ጆሮ፣ ያ ስሙ ያልተጠራው ዕቃ ጠጋኝ እኔ ነኝ፤ ሸክላውን ማን ፀሐይ ላይ እንደጣለው እንግዳዎን ይጠይቁልኝ አለ። አማቹ ሲተነፍስ ብቻ ይሰማል፣ ልክ በዘፈኑ መካከል እንዳለው። ጆሮ ደግሞ ሱቁ ውስጥ በጣቱ ጫፍ ቆሞ፣ ያችን «እኔ ነኝ» እንደ ጠብታ ከቧንቧ አፍ ይጠብቃል።

እዚህ ላይ አቅራቢዋ ሌላ ደዋይ አለ አለችና መስመሩን ከፈተች።

«ሰላም። እኔ ሦስተኛው ዘፈን ነኝ።»

ጆሮ ስልኩን ሊጥለው ነበር። እህቱ ናት። ድምፅዋ የተረጋጋ ነው፤ የዚህች ሴት ድምፅ ሲረጋጋ ደግሞ ቤተሰቡ ሁሉ ሳህን መሰብሰብ ይጀምራል። መጀመሪያ ለባሏ ተናገረች። ያን ካሴት በየሳምንቱ ሲያጫውት የራሷን ድምፅ መጀመሪያውኑ አውቃዋለች። ከወንድሜ ሰርቆ የወሰደው ነው፣ ወዶኝ ነው፣ አፍሮ ነው የማይነግረኝ ብላ፣ እሷም አክብራው ዝም አለች። ወጥ ቤት ሆና ያንኑ ዜማ ስታንጎራጉር «እስቲ ዝም በይ፣ ዘፈኑን ልስማበት» ሲላት እንኳ፣ የወጣትነት ድምፄን ነው የናፈቀው ብላ ደስ እያላት ዝም ብላለች።

«ሠላሳ ሦስት ዓመት ፍቅር መስሎኝ» አለች። «ለካ እኔን ዝም አሰኝተህ እኔን ትሰማለህ፣ ያውም ሌላ ሴት መስዬህ።»

አማቹ «እኔ እኮ…» አለ። ከሁለት የፈረንጅ ዘፈን መካከል የገዛ ሚስቱን ድምፅ የሚጠብቅ ማን አለ? ይህን ግን ለመናገር ድፍረት አላገኘም። ጆሮ በዚህ ጊዜ ተራራ ላይ የወጣ ያህል ነበር። በልቡ ጎሽ እህቴ፣ ጨምሪለት፣ አትራሪ ይላል።

«አንተስ ጋሼ?» አለች እህቱ። «እኔ ጉድጓድ መሙያ አፈር ነኝ? ዘፈን አውጥተህ ቆሻሻ ክተት ሲልህ እኔን የከተትከኝ? እንግዲያው ስማ፤ ዛሬ ሁላችሁም ስሙ። ሸክላውን ፀሐይ ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።»

ያን ቅዳሜ ከዛሬው ባሏ ጋር መኪና ውስጥ ነበረች። ለጭፈራው አዲስ ቀሚስ ለብሳለች፤ ለቤተሰብ ግን ጓደኛዬ ጋ እየሄድኩ ነው ብላለች። ሸክላው መቀመጫው ላይ ቀሚሷን እንዳያጨማድድባት አንሥታ ከኋላው መስታወት ሥር አጋደመችው። ከዚያ አይስክሬም እንብላ ተባለ፤ ጥላ ውስጥ ተቀምጠው ሁለት ሰዓት አወሩ፤ መኪናው ፀሐይ ላይ ነበር። እሱ ምን ብሎ ይንገረው? እህትህ አብራኝ ነበረች ይበል? ስለዚህ ያንን ሦስት ቃል ተናግሮ ጥርሱን ነከሰ። ባለፈው እሑድም አቅራቢዋ ሸክላው የት ነው ብላ ስትጠይቀው ደነገጠ፤ ሚስቱን ከሚያነሣ ወንድሟን አነሣ። «ይኸው ነው» አለች እህቱ፤ «አንተም ጠላትህን ተቀማህ፣ እሱም ዘፋኙን ተቀማ። መልካም እሑድ።» ዘጋች። አቅራቢዋ ቸኩላ የሳሙና ማስታወቂያ ለቀቀች።

ሱቁ በር ላይ ሰው ወደ ጆሮ ማየት ፈራ። ጸጉር አስተካካዩ ብቻ ቀስ ብሎ፣ እንግዲህ ሰውዬው ንጹሕ ከሆነ ይቅር በለዋ አለው። ጆሮ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ኑዛዜውን አግኝቷል፤ ሰው እየሰማ፣ በራዲዮ፣ አንድም ቃል ሳይጎድል «እኔ ነኝ» ተብሎለታል። ግን የተናገረው አፍ ሌላ ሆነ። ሠላሳ አምስት ዓመት ደብዳቤ ሲልክ ኖሮ አድራሻው የሌላ ሰው ነበር የተባለ ሰው ምን ይሰማዋል? የሠርጉ አርባ ደቂቃ፣ የሁለት ዓመት ትንበያ፣ ያ ሁሉ የቀትር ደወል፣ ሁሉም በከንቱ ፈሰሰ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ቁጥሩ ነው። ለሌላ ሠላሳ አምስት ዓመት ቂም ዕድሜ አልቀረውም። አሁን የሚበቀል ከሆነ መፍጠን አለበት።

በማግስቱ ማለዳ እህቱ መጣች። ይቅርታ ልትጠይቅ አልነበረም፤ እሷም የዚያው ቤት ልጅ ናት። ባንኮኒው ላይ ካውያ አስቀመጠች። እጀታው ተሰንጥቋል፣ አይሞቅም። ጆሮ አገላብጦ አየውና ምን ላይ ወደቀ ብሎ ጠየቀ። የባሌ ካሴት ማጫወቻ ላይ አለች። ሳታስቢው ነው ወይ አላት። ስለ ስንተኛው ጊዜ ነው የምትጠይቀኝ አለች፤ ሁለት ጊዜ ነው የወደቀው። ጆሮ በሆዱ ሳቀ፣ በፊቱ ግን አላሳየም።

«መቼ ልምጣ ጋሼ?»

«ነገ» አላት።

ከሄደች በኋላ ከፈተው። አንዲት ሽቦ ነች የላላችው፤ አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። እጀታውን አጣበቀ፣ ሰካው፣ ሞቀ። ከዚያ በጨርቅ ጠቅልሎ ከባንኮኒው ሥር አስቀመጠው። የዕቃ ጠጋኝ ትልቁ መሣሪያ መበየጃው አይደለም፤ «ነገ» የምትለው ቃል ናት። ማክሰኞ እህቱ መጣች፣ ነገ አላት። ረቡዕ መጣች፣ ነገ። ሐሙስ ዕለት አንዲት መለዋወጫ ከውጭ አገር እየተጠበቀች ነው ብሎ አከለበት፤ ሽቦ ከውጭ አገር በመርከብ እየመጣች ነው! እህቱ ዓይኑን ትኩር ብላ አየችው። ገብቷታል። ግን በዚህ ቤት ነገር የገባው ሰው አይናገርም፤ ይቆጥራል።

ዓርብ ረፋድ አማቹ ራሱ መጣ። ጸጉር አስተካካዩ በሩ ላይ ቆሞ እጁን በአፉ ላይ አደረገ። ያ በሸሚዙ ኮሌታ ሽንኩርት መክተፍ የሚቻል ሰው፣ ዛሬ ደረቱ ላይ የተራራና የሸለቆ ካርታ የተሳለበት ይመስላል። እጅጌው ተጨማዶ ክርኑ ላይ ደርሷል። በሠላሳ ሦስት ዓመት ትዳር እንዲህ ሆኖ ከቤት አልወጣም። ሱቁ ውስጥ ገብቶ ቆመ። ሚስቱ ከእሑድ ጀምሮ እንዳላነጋገረችው፣ ቤት ውስጥ አንዲት ዜማ እንዳትሰማው ጥርሷን ገጥማ እንደምትውል ተናገረ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጆሮ፣ እኔ ምን በደልኩህ? ሰማህ እኮ፣ እኔ አይደለሁም።»

«ይኼው ነው በደልህ» አለ ጆሮ። «አለመሆንህን እያወቅህ ዝም ብለህ ጠላቴ ሆንክ። ስንት ዓመት ቂሜን ያለ አግባብ በላኸው። ለቂሙ እውነተኛ ባለቤት፣ ለእህቴ፣ የሚሆን ምንም አልተረፈኝም።»

አማቹ የተጨማደደውን ደረቱን በመዳፉ ዳሰሰ፤ አልተስተካከለም።

«እሺ ካውያው?» አለ።

ጆሮ እግሩን ከባንኮኒው ሥር ወደ ጨርቁ ጥቅልል ገፋ አድርጎ፣ ሌላ ራዲዮ ወደ ራሱ ሳበና ሆዱን መክፈት ጀመረ።

«ነገ» አለው።